ክራቸው የወለቀ ቆርቆሮዎች

ሥጋ ወጥ ድንጋይ ሆኖ መጀመሪያ ያየሁት በዓሣ ማከማቻው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዓሣ እየፋቅኩና እየቆረጥኩ እውል ነበር። አጥማጆቹ ከሐይቁና ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚያመጡትን እኛ ሴቶቹ እናጸዳለን፤ ኃላፊው በረዥሙ ነጭ ሳጥን ውስጥ ይደረድረዋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን መኪና መጥቶ ወደ ደሴ ይወስደዋል። ሳጥኑ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም። ሌሎቹ ሴቶች ይማረሩበታል፤ እኔ ግን የሚያናግረኝ ስለማይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት እንኳ ያቅተኝና ከጎኔ ያለችው ሴት "አለች" ትልልኛለች። ሱቅ ሄጄ ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ ገዝቶ ሲሄድ ቆሜ አያለሁ። እናቴ "አንቺን ወደ ገበያ ከምልክ በጉን ብልክ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ይጮኻል" ትለኝ ነበር።

የምሳው ነገር የተጀመረው ከአባቴ ጋር አብረው ባደጉ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኛን ሳይጠይቁን ጁምዓ አያልፍም። ሚስታቸውም ስለሞቱባቸው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። በዚያ ዓመት በውጫሌ በኩል፣ ከአምባሰል ተራራ ሥር፣ በክረምቱ የተናደውን የመንገድ ዳር ግንብ መልሰው ሊሠሩ ተቀጠሩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቀን ሠራተኞቹ ጋር በጭነት መኪና ይሄዱና ሲመሽ ይመለሳሉ። ምሳቸው ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ሆዳቸውን አመማቸው። እናቴ ስትሰማ "እኛ እያለን!" ብላ ተቆጣችና ምሳቸውን ልንቋጥርላቸው ቃል ገባች። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ በመኪናው ላይ እንጨት ጭነው ያመጡልናል። ያኔ እንጨት ከምግቡ የበለጠ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር።

የመኪናው ሾፌር ደግሞ የጎረቤታችን የእህት ልጅ ነው፤ የሚኖረውም እሷ ዘንድ ነው፤ ምሳውንም የምትቋጥርለት እሷ ናት። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ እትዬ እላታለሁ። በእሷና በእኛ ግቢ መካከል የቁልቋል አጥር አለ፤ አጥሩ መሃል ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። እናቴና እትዬ በርበሬ የሚወቅጡት በአንድ ሙቀጫ ነው። ቅመሙን የሚያሰጡት፣ አብሹን የሚቆሉት አብረው ነው። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ልጇን የምታጠባላት ዓይነት ጉርብትና ነው። የማይገናኘው ሥጋው ብቻ ነው። እስላም ያረደውን እነሱ አይበሉም፣ ክርስቲያን ያረደውን እኛ አንበላም፤ ሥጋ የተሠራበትን ድስትም አንዋዋስም። ይኼ ጠብ አይደለም፤ ማንም ማንንም አይቀየምበትም። እንዲሁ የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት ተነስተን ነበር የምናበስለው። እንጨቱ አልበቃ አለ፤ እንቅልፉም አልበቃ አለ። ማታ ሠርተን ስናሳድረው ደግሞ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ይኮመጥጣል። ዓሣ እንዳንሠራላቸው ሾፌሩም ግንበኛውም ዓሣ ሰልችቷቸዋል። "ከተማው ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ሆዴ እንኳ ይረፍ" ይል ነበር ሾፌሩ። አንድ ቀን ከቤት ያመጣሁትን ወጥ ሳልበላው ቀረሁና፣ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ከዓሣው ጎን አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ባወጣው እንደ ሸክላ ሰባሪ ድንጋይ ሆኗል። እሳት ላይ ሳደርገው ግን ያው የትናንቱ ወጥ ሆኖ ተመለሰ። ለእናቴ ነገርኳት። እትዬም ሰማች፤ ሰምታም አላመነችም።

"ወጥ በመዶሻ የሚበላበት ዘመን መጣና!" አለች።

ኃላፊውን የለመነችልኝ እሷ ናት። ከእሑድ ጀምሮ ለሳምንቱ የሚሆን ምሳ በአንድ ቀን እየሠራን በሳጥኑ ጥግ ማስቀመጥ ጀመርን። የዱቄት ወተት የመጣባቸውን ትናንሽ ቆርቆሮዎች ከነክዳናቸው አጠብን። ሥጋ የሚገኘው በሳምንቱ መጨረሻ ስለነበር ሁለቱም ቤት ምንቸት አብሽ ይሠራል፤ እኛ አጎቴ ካረደው፣ እትዬ ከእነሱ ሉካንዳ። ለግንበኛው ስድስት ቆርቆሮ፣ ሾፌሩ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾም ለእሱ አራት። ሾፌሩ ጠዋት ሁለቱን ቆርቆሮ ተቀብሎ ኮፈኑን ይከፍትና ከሞተሩ ጎን በሽቦ ያስራቸዋል። እስከ ምሳ ሰዓት በረዶው ቀልጦ፣ ወጡ ሞቆ ይቆያል። ሠራተኞቹ በዚህ በጣም ይስቁ ነበር፤ "ወጡ ቤንዚን ቤንዚን አይልም?" እያሉ።

እንዳይሳሳት ክር አሰርንባቸው። ለእኛ ቀይ፣ ለእትዬ ጥቁር። እትዬ የመጀመሪያውን ጥቁር ክር ስታስር "ይኸው፣ ማተብ አሰርኩላት፤ ቆርቆሮዋ ተጠመቀች" አለች። እናቴ ሳቀችና "የኔዋንስ ማን ያሰግዳት?" አለቻት። ቀዩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ እደረድራለሁ። ሁለት ወር ያህል አንድም ነገር ሳይበላሽ ሄደ። ኃላፊነቱ የኔ ነበር። ሰው ሳላናግር የምሠራው፣ ግን ሰው የሚፈልገው ሥራ አግኝቼ ነበር። እሑድ እሑድ ቆርቆሮዎቹን ስደረድር የሆነ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ረቡዕ ናፍጣ ጠፋ። የጦር መኪኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ሁልጊዜ ናፍጣ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ ከሰዓት በኋላ ቆመ። እኔ ሥራ ጨርሼ ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሁለቱን ቆርቆሮ ላወጣ ስመጣ ጄኔሬተሩ ተመልሶ ያጓራል። ዘበኛው ከፈተልኝ። የሳጥኑን ክዳን ሳነሳ ጥጉ እኔ የተውኩት ጥግ አይደለም። ዓሣው በሌላ በኩል ሆኗል። አምስቱ ቆርቆሮዎች፣ የግንበኛው ሦስት የሾፌሩ ሁለት፣ ተደራርበው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ላይ ክር የለም። ክሮቹ ከታች በበረዶው ላይ ወድቀዋል፤ ሦስት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር።

መኪናው ከውጭ ጡሩንባውን ነፋ።

ቆርቆሮዎቹን አገላብጬ አየሁ። ሁሉም አንድ ናቸው። በረዶ የሆነ ወጥ ሽታ የለውም። ቢኖረውም፣ በርበሬው አንድ፣ አብሹ አንድ። "ዘበኛውን ጠይቂው" አልኩ ለራሴ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ያዛጋል። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ጡሩንባው ደግሞ ተነፋ። ከመኪናው ላይ አንዱ "ሙሽራይቱ አልተነሳችም እንዴ!" ብሎ ጮኸና ሁሉም ሳቁ።

በግራ ያለውን አነሳሁና ቀይ ክር አሰርኩበት። በቀኝ ያለውን አነሳሁና ጥቁር አሰርኩበት። በደነዘዘ ጣቴ ቋጠሮው አልያዝ አለኝና ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ቢስሚላህ ብዬ ነበር የቋጠርኩት። ይኼን የምጽፈው ሳላሳንሰው ለመጻፍ ብዬ ነው፤ ክሮቹ ራሳቸው አልተሳሳቱም፣ እኔ ነኝ ያሰርኳቸው።

ወጥቼ ሁለቱን ቆርቆሮ ከእንጀራቸው ጋር ለሾፌሩ ሰጠሁት። "እህት ዓለም፣ ዛሬ ሥጋ ነው አይደል? ትናንት ሽሮ ሲያደርቀኝ ነው የዋለው" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ግንበኛው ከጋቢናው ውስጥ "አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሉ። መኪናው ሄደ።

ዓሣ መፋቅ ጀመርኩ፤ አልሆነልኝም። ቢላዋው እጄን ቆረጠኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው ሲመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ወደ እሱ ሄድኩ።

"ቆርቆሮዎቹ…" አልኩ።

"እህ! ወጥሽ ደህና ነው። ናፍጣው ሲያልቅ ሁሉንም አውጥቼ በረዶ ያለበት በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ክሩ ከበረዶው ተጣብቆ ሲወልቅብኝ ጊዜ መልሼ አብሬ ጣልኩልሽ።"

"ስትመልሳቸው… በየጎናቸው ነው?"

"በየትኛው ጎናቸው? ወጥ አይደል እንዴ ሁሉም? ያንቺ መስሎኝ።"

አልፈረድኩበትም። እትዬ ለምናው ቦታ ሲሰጠን፣ የሁለት ቤት ወጥ መሆኑን አፍ አውጥቶ የነገረው ሰው የለም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የቀሩትን ሦስት ቆርቆሮዎች ታቅፌ ወደ ቤት ሮጥኩ። ደረቴ በረዶ ሆነ። እናቴን ከግቢ አገኘኋት፤ ነገርኳት። በአጥሩ ክፍተት እትዬን ጠራቻት። አንዱን ቆርቆሮ እሳት ዳር አድርገን ክዳኑ እስኪላቀቅ ጠበቅን። ሲከፈት ሦስታችንም ጎንበስ አልን።

"አሽቺው" አለች እናቴ።

"አንቺ አሽቺው፤ እሳቱ ያንቺ ነው።"

"የራስሽን ወጥ አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ! ግን ያንቺም የኔን የኔን ነው የሚሸተው። ከአንድ ሙቀጫ ወቅጠን ምን እንዲሸት ትፈልጊያለሽ?"

"አብሽ አብዝተሽ ነበር።"

"አንቺም አብዝተሻል። በዚያ ላይ አብሹን የቆላሽው አንቺ ነሽ።"

"እንግዲያው ጫፉን ቅመሺው፤ በጨው ትለዪዋለሽ።"

"እኔ ልቅመስ? ያንቺ ቢሆንስ? አንቺ ቅመሺው።"

"አስተግፍሩላህ!"

ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች በአንድ ቆርቆሮ ላይ አጎንብሰው ጣታቸውን ወደ ኋላ ደብቀው ቆሙ። እናቴ ሳቋ መጣ። እትዬም ሳቀች። እኔ ግን መቆም አቅቶኝ በግቢው ውስጥ እዞር ነበር። እናቴ ፊቴን ስታየው ሳቋን ተወች።

"ስሚ" አለችኝ፣ "ሳያውቁ የበሉትን አላህ አይቆጥረውም። ዝም በዪ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ይኼን ነግረሽ ልትገድያቸው ነው?"

"እናንተ ዘንድ ካልተቆጠረ ደግ" አለች እትዬ። ሳቋ ጠፍቶ ነበር። "የኔው ልጅ የንስሐ አባቱ እንዲህ በቀላሉ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። እሱም ቀልደኛ መስሎ ነው እንጂ በሃይማኖቱ ከመጡበት ይታመማል።"

"ታዲያ ምን ትሁን? መኪናው ውጫሌ ደርሷል።"

"ምሳ የሚበሉት ሰባት ሰዓት ላይ ነው" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "እደርሳለሁ።"

"አንቺ?" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ከሐይቅ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ከለከለችኝ። ነጠላዬን ስለብስ ከለከለችኝ፣ ጫማዬን ሳደርግ ከለከለችኝ፣ በሩን ስወጣ የቀበሌ መታወቂያዬን አምጥታ እጄ ላይ አስጨበጠችኝና "አላህ ይምራሽ፣ ደንቆሮ" አለችኝ።

መንገድ ዳር ቆምኩ። መኪና ለማስቆም እጅ መዘርጋት ነበረብኝ። ሁለት መኪና እጄ ሳይዘረጋ አለፈ። ሦስተኛው እህል የጫነ ነበር፤ እጄን ስዘረጋ እጄ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆኖ ታየኝ። ቆመልኝ። ከአንዲት ዶሮ ከታቀፈች ሴት ጋር ጋቢና ውስጥ ተጣብቄ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ኮንቮይ ስለነበር ዳር ይዘን እየቆምን ነበር የምንሄደው። ወታደር የጫነ መኪና፣ በሸራ የተሸፈነ መኪና፣ ደግሞ ወታደር። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፣ ያስነሳል፣ ደግሞ ያጠፋል። እኔ በጉልበቴ ላይ ጣቶቼን እቆጥራለሁ። ሴትዮዋ "ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ነው?" አለችኝ። "አይደለም" አልኩ። አላመነችኝም፤ እስክንወርድ ድረስ ስታጽናናኝ ነበር።

ኬላው ጋ አንድ ወታደር በሩን ከፍቶ መታወቂያ ተቀበለ። የኔን አገላብጦ አየው።

"ወዴት ነሽ?"

"ውጫሌ።"

"ለምን?"

"ለምሳ።"

"ሐይቅ ምሳ የለም?"

"የሰው ምሳ ነው… ላደርስ።"

"የታለ ምሳው?"

"ሄዷል።"

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረና "ና ስማ! ምሳ ያመለጣት ልጅ!" ብሎ ጮኸ። ጓደኛው መጣ። "በየት በኩል አመለጠሽ?" አለኝ። ወደ መንገዱ አመለከትኩ፤ ወደ ሰሜን። ሁለቱ እየተያዩ ሳቁ። "ሂጂ ያዢው፣ ስትይዢው ለእኛም አስቀሪልን" አሉኝና መታወቂያዬን መለሱልኝ። ዕድሜያቸው ከኔ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ውጫሌ ሳንደርስ፣ ግንቡ ከሚሠራበት መታጠፊያ ላይ ወረድኩ። ፀሐዩ ከአናት አልፏል። ሠራተኞቹ በየጥላው ተቀምጠው ይበላሉ። የመኪናው ኮፈን ተከፍቷል። ግንበኛው ራቅ ብለው ከአንድ ዛፍ ሥር ዙሁርን፣ የቀትሩን ሰላት፣ ይሰግዳሉ፤ ቀይ ክር የታሰረበት ቆርቆሮ ከአጠገባቸው ጨርቅ ላይ ሳይከፈት ተቀምጧል። ሾፌሩ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ እየበላ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ የቀረውን በእንጀራ እየጠረገ ነበር።

ሁሉም እኔን አዩ። ሃያ ሰው ይሆናል።

"ምነው? ሰው ሞተ?" አለ ሾፌሩ ብድግ ብሎ። "አክስቴ ናት?"

"አይደለችም። አትብላ።"

"ምን?"

"አትብላ። የማን እንደሆነ አይታወቅም።"

ገባው። እጁ ላይ የነበረችውን ጉርሻ አያት፣ ወደ ቆርቆሮው መለሳት። ግንበኛው ሰላታቸውን አሰላምተው ተነሱ። ወደ እሳቸው ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ናፍጣውን፣ በርሜሉን፣ ክሩን። በሕይወቴ ያን ያህል ረዥም ነገር ተናግሬ አላውቅም። ሠራተኞቹ ቁራሽ በእጃቸው ይዘው ይሰሙኝ ነበር።

"አልበላሁትም፣ አብሽሪ" አሉ ግንበኛው። ከዚያ ቆርቆሮውን አነሱና ክሩን ተመለከቱት። "ግን ክሩ ታስሯል። ወልቆ ነበር አላልሽም? ማን አሰረው?"

"እኔ።"

"የማን መሆኑን ሳታውቂ?"

"አዎ።"

"አለማወቅሽን ግን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

ቆርቆሮውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጡት። "አለማወቅሽ ምንም አልነበረም" አሉ። "ያልወደድኩት ይኼን ማሰርሽን ነው።" ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ቀጭን ረዥም ሰውዬ፣ ጸጥታው ከብዶት ነው መሰለኝ፣ "ለእኔ ስጡኝ እንጂ!" አለ። "አባቴ እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን። የእስላም ከሆነ ለአባቴ፣ የክርስቲያን ከሆነ ለእናቴ ብዬ እበላዋለሁ። አንድ እንኳ የሚቀየም የለብኝም!"

ሁሉም ሳቁ። ግንበኛው እንኳ ፈገግ አሉ። ሾፌሩ ግን ቆርቆሮውን አንስቶ በሙሉ ጉልበቱ ወደ ገደሉ ወረወረው። ከድንጋይ ድንጋይ እየተንቋቋ ሲወርድ ለረዥም ጊዜ ተሰማ። ሳቁ ቆመ።

"ጣፍጦኝ ነበር እኮ" አለ ሾፌሩ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማታ ስንመለስ በጋቢናው ውስጥ መሃላቸው ተቀመጥኩ። በግራዬ ሾፌሩ፣ በቀኜ ግንበኛው። ትንሽ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር አንዳቸውን እነካለሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ነው የሄድኩት። ከቤታችን በር ላይ ስወርድ "አውፍ በሉኝ" አልኩ። ግንበኛው "አላህ ለሁላችንም አውፍ ይበለን" አሉ። ሾፌሩ ማርሹን አስገባ።

የቀሩትን የሦስቱን ቆርቆሮዎች ወጥ እናቴ በሌላ መንደር ላሉ ውሾች ሰጠችው። የበረዶ ሳጥኑ ጥግ ባዶ ሆነ። ግንበኛው ዓርብም ቅዳሜም ከእኛው ቤት ሽሮ ወሰዱ፤ ሥጋ ግን ይቅር አሉ። ሾፌሩ ከአክስቱ ቤት ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲያየኝ ወደ ሌላ ያያል። እነዚያን ቀናት ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ዓሣ ፋቅኩ ይሆናል። አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ድስት አጥቤ ደግሜ አጥበዋለሁ። ስንቴ አሰብኩት፤ የእኛው ሆኖ ይሆን? የእሱው ሆኖስ? አሁንም አላውቀውም። ማወቂያም የለውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ክፍተት አንድ ሰው ቆመ። ሾፌሩ ነው። ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነበር። እኔ ልግባ ስል "ቁሚ" አለኝ።

ቆምኩ።

"ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። 'የእስላም ሥጋ ሳይሆን አይቀርም' አሉኝ። 'ባይሆንም ጾሙ አይጎዳህም' አሉኝ። ሰባት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድጾም፣ ከዘጠኝ በኋላም ቅባት ያልነካው ብቻ እንድበላ።"

"እሺ" አልኩ።

"ምን እሺ ትያለሽ? ማን ሊቋጥርልኝ ነው?"

ቀና ብዬ አየሁት። አልሳቀም። የተቆጣም አይመስልም።

"አክስቴ ቅባት ያልነካው መሥራት አይሆንላትም፤ እጇ ወደ ዘይቱ ይንሸራተታል። አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ አንቺ ቋጥሪው። ሥጋ የለበት፣ የሥጋ ድስት የለበት። ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ። ክር አያስፈልገውም።"

ከውስጥ እትዬ "ጨው እንዳታበዢበት! ውሃ ውሃ እያለ ጾሙን ይገድፋል!" ብላ ጮኸች።

ሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነቃሁ። ሽምብራና ስንዴ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ ድስት ቀቅዬ፣ ውሃውን አጥልዬ፣ በጨርቅ ቋጠርኩ። ጠዋት ስሰጠው ተቀበለኝ፤ አላመሰገነኝም። መኪናው ሲሄድ ቤት ገባሁ፤ ቁርስ ቀርቦ ነበር፤ አልበላ አለኝ። ምሳ ሰዓትም መጣ። "አልራበኝም" አልኩ። በጥላው መጠን ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ገምቼ፣ አሁን ቋጠሮውን ፈታ ብዬ አስቤ፣ ያን ጊዜ አንድ ቁራሽ ጎረስኩ። ማክሰኞም እንደዚያው አደረግኩ። ረመዳን አልነበረም፤ ጾሙም የኔ አልነበረም፤ ማንም እንድጾም አላዘዘኝም። ለሰው ብናገረው ይሳቅብኛል ብዬ ዓሣ ስቆርጥ ከሴቶቹ ፈቀቅ ብዬ ነበር የምውለው። እስከ ዘጠኝ ያለው ሰዓት አያልፍም። እነሳለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ ጥላዬን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

ዓርብ ዕለት እናቴ ምሳዋን አንድ ሳህን ላይ አቅርባ ብቻዋን መብላት ጀመረች። አልጠራችኝም። ከጎረሰች በኋላ ወደ እኔ ሳታይ፣

"ስንተኛሽ ነው ዛሬ?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። "አምስተኛዬ" አልኩ።

"ሁለት ቀርቶሻል እንግዲህ" አለችና ሳህኑን ከፊቴ ወደ ጓዳ አነሳችው። "ከበሩ ላይ ግን ተነሺ። ፀሐዩን እንዲህ ቆመሽ ስላየሽው ቶሎ አይሄድልሽም።"

ተነሳሁ። ትንሽ ቆየሁና ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ።